ቪትዝ ቁጠባ አይደለችም

ወንድሜ ለአንዲት አሮጌ ቪትዝ ቀብድ ሊከፍል ነበር። ደላላው «ነገ ይጨምራል!» እያለ ያጣድፈዋል። እውነት ለመናገር ሙሉ በሙሉ አልዋሸም። የነዳጅ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ ብዙ ሰው ያገለገለ መኪናን እንደ ወርቅ ያስቀምጠዋል። ችግሩ፣ ይሄ ዋጋ የቆመው በመመሪያ ላይ ነው፤ መመሪያ ደግሞ ይቀየራል። ስለዚህ የምትነዱት ከሆነ ግዙ፣ ብር ለማቆየት ብላችሁ ከሆነ ግን እኔ አልመክርም።

ለማንኛውም ቀብዱን አስቆምኩትና ሊብሬውን ይዘን ፋይሉ ያለበት ትራንስፖርት ቢሮ ሄድን። ሻንሲ ቁጥሩ ልክ ነው፣ ቦሎውም አለ። እዳና እገዳ ስናጣራ ግን መኪናዋ በባንክ ብድር ተይዛለች! ደላላው ከዚያ ወዲህ ስልክ አያነሳም። ወንድሜ አሁን ኤሌክትሪክ እያየ ነው፤ እኔ ደግሞ ባትሪውን የሚፈትሽ ባለሙያ እየፈለግኩለት ነው።