ከመቅዘፊያው በፊት ጫማው

የዳይቪንግ ዕቃ ለመግዛት ሱቅ የገባ ሰው ዐይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው የእግር መቅዘፊያው (ፊን) ላይ ነው። ቀለሙ ያምራል፤ ሻጩም ስለ ፍጥነቱ አውርቶ አይጠግብም። ጫማው ግን ሒሳቡ ከተሠራ በኋላ «ቁጥርህ ስንት ነው?» ተብሎ ከጥግ የሚነሳ ዕቃ ነው። ከድንጋያማ ዳርቻ ለሚጠልቅ ሰው ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት ባይ ነኝ። መጀመሪያ ጫማው ይመረጥ፤ መቅዘፊያው በእሱ ልክ ይፈለግ።

ለምን ቢባል፣ ከጀልባ የሚዘል ጠላቂ መሬት አይረግጥም። ከዳርቻ የሚገባው ግን ሲጀምርም ሲጨርስም በእግሩ ነው። በእስራኤል ቀይ ባሕር ዳር ወዳለችው ኤይላት ወርዶ የሚያውቅ ሰው ዳርቻውን ያስታውሰዋል፤ አብዛኛው ጠጠርና ድቡልቡል ድንጋይ ነው፣ በበጋ ቀትር ደግሞ እንደ ምጣድ ይግላል። የአየር ሲሊንደሩ፣ የማስመጫው እርሳስና ልብሱ ሲደመሩ ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ። ውሃው ወገብ ደርሶ ሸክሙን እስኪያቀል ድረስ ያ ሁሉ ክብደት የሚያርፈው ውስጥ እግር ላይ ነው። አልጌ የለበሰ አንድ ድንጋይ ቁርጭምጭሚት ለማዞር ይበቃል።

ተረከዙ ድፍን የሆነውና በባዶ እግር የሚጠለቀው መቅዘፊያ ቀላል ነው፤ ለሞቀ ውሃና ለጀልባ እወደዋለሁ። ለድንጋይ ግን አልመክረውም። ነጠላ ጫማውን ዳር ላይ ትቶ የገባ ሰው ሞገድ ገፍቶት በሌላ ቦታ ለመውጣት ቢገደድ መቅዘፊያውን ሲያወልቅ ባዶ እግሩን ይቀራል። ተረከዙ ክፍት የሆነውና በኒዮፕሪን ቡት ላይ የሚታሰረው ግን ከየትም ያስወጣል።

ቡቱን ስትመርጡ አጥልቁትና ደረጃ ጠርዝ ላይ በመሃል እግራችሁ ቁሙ። ጠርዙ ከወጋችሁ ያ ሶል ለድንጋይ አይሆንም፤ መልሱት። ሶሉ ወፍራም ጎማ፣ ጥርስ ያለው፣ በጣቶችና በተረከዝ በኩል ወደ ላይ የሚታጠፍ ይሁን፤ አንገቱም ቁርጭምጭሚትን ይሸፍን። የኤይላት ውሃ በክረምት 21 ዲግሪ አካባቢ ስለሚወርድ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኒዮፕሪን አይበዛም። ጣቶች ጫፉን ይንኩ እንጂ አይታጠፉ። መቅዘፊያ ልትገዙ ስትሄዱ ደግሞ ቡቱን ይዛችሁ ሂዱ። ሶሉ ወፍራም የሆነ ቡት በቁጥር ልክ ቢሆንም እንኳ መቅዘፊያው ውስጥ አልገባ ሊል ይችላል።

የመቅዘፊያውን ማሰሪያ በተመለከተ ሐሳቤን አልለውጥም፤ የብረት ስፕሪንግ ያለው ይበልጣል። የጎማ ማሰሪያ ፀሐይና ጨው ይሰነጣጥቀዋል፤ ማዕበል እየገፋ ባለበት ሰዓትም መቆለፊያውን መፈለግ ያንገላታል። ስፕሪንጉን አንድ ጣት ይስበዋል፣ ያወልቀዋል። ክንፉ ደግሞ አጭርና ጠንካራ ጎማ ቢሆን እመርጣለሁ። የፈረንሳዩ ኩባንያ ቦሻ እ.ኤ.አ. በ1964 ያወጣው ጄትፊን የተባለ መቅዘፊያ እስካሁን የሚሸጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከባድ ነው፣ ይሰምጣል፣ ድንጋይ ቢመታው ግን ግድ የለውም። ረጅሙ የካርቦን ክንፍ ለጥልቅ ውሃ የተሠራ ነው፤ ድንጋይ መሃል በቀላሉ ይሰበራል።

ጫማው ከእሾህም ይከላከላል፣ ግን በልኩ። ድንጋይ መስሎ የሚተኛው ስቶንፊሽ የተባለ ዓሣ ጀርባው ላይ 13 መርዛም እሾሆች አሉት፤ ቀጭን ሶል አያቆማቸውም። ስለዚህ እግርን እያነሱ ከመጣል ይልቅ እየጎተቱ መሄድ ይሻላል። የተወጋ ሰው እግሩን ቆዳ በማያቃጥል፣ 45 ዲግሪ ገደማ በሆነ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ በፍጥነት ወደ ሐኪም መሄድ አለበት። ረጅም እሾህ ያለውን ጥቁሩን የባሕር ጃርትም ጠላቂዎች ሲፈሩት ኖረዋል። የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ይህ ጃርት በኤይላት ባሕር በጅምላ እየሞተ መሆኑን ሲያስታውቁ፣ ለእግራችን የቀለለ መስሎን ደስ ሊለን አይገባም ነበር። ጃርቱ አልጌውን ካልበላው አልጌው ኮራሉን ያፍነዋል።

ከዚሁ ጋር አንድ ነገር በጣም ያሳስበኛል። ጥሩ ቡት ያደረገ ሰው ይደፍራል፤ ባዶ እግሩን ቢሆን የማይረግጠውን ኮራል ይረግጣል። አንድ እርምጃ ስንት ዓመት ያደገውን ይሰብራል። በኤይላት የኮራል ዳርቻ ጥብቅ ስፍራ ከዳርቻው ኮራል በላይ ተሻግረው ወደ ጥልቁ የሚያደርሱ መሸጋገሪያዎች የተሠሩት ሰው እንዳይረግጠው ነው። መሸጋገሪያ በሌለበት ደግሞ ከመግባት በፊት ቆሞ ኮራል የሌለበትን መስመር መፈለግ የጠላቂው ድርሻ ነው።

መቅዘፊያው የሚጠለቀው ውሃው ወገብ ሲደርስ ነው፤ አንድ እጅ ጓደኛ ትከሻ ላይ፣ አንድ እግር ጉልበት ላይ ተሻግሮ። መቅዘፊያ አድርጎ ድንጋይ ላይ ወደ ፊት መራመድ መውደቅ ነው፤ ግድ ከሆነ ወደ ኋላ ይኬዳል። ሲወጣም ማዕበሉ ጋብ እስኪል ይጠበቃል፤ መተንፈሻው እግር መሬት እስኪቆናጠጥ ከአፍ አይወጣም።

ገንዘብ ለሁለቱም ካልበቃ ጥሩ ቡት ግዙና መቅዘፊያውን ከጠላቂዎች ማዕከል ተከራዩ። መቅዘፊያ በኪራይ ብዙ አይጎዳም። የኪራይ ቡት ግን ሶሉ በስንት ሰው እግር እንዳለቀ አይታወቅም።