ከብቱ በየት በኩል ይግባ?

ዛሬ የምናነበው ስለ ሆራ ነው። ሆራ ማዕድን ያለበት የምንጭ ውሃ ነው። ማዕድን ማለት ውሃው ከአለትና ከአፈር ውስጥ ይዞት የሚመጣ፣ እንደ ጨው ያለ ነገር ነው።

ለሮቤ፣ ለጎባና ለባሌ ደጋ ሰው ሆራ አዲስ ነገር አይደለም። ከብቱን ወደ ሆራ ይነዳል። ከብቱም ጠጥቶ ጨው ያገኛል።

ከመሬት የሚወጣ እንዲህ ያለ ውሃ ሰው ይሰበስባል። አዲስ አበባም የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ፍልውሃ አጠገብ ቤት ባሠሩ ጊዜ ነው። ሰው በተሰበሰበበት ደግሞ ጥላ ያስፈልጋል።

እኔም ለሆራ የሚሆን ዳስ በወረቀት ላይ ነደፍኩ። አራት ግድግዳ፣ አንድ በር፣ ውሃው መካከል ላይ። ለአንድ ሽማግሌ አሳየኋቸው።

«ልጄ፣ ቤቱስ ያምራል። ከብቱ በየት በኩል ይግባ?» አሉኝ።

«አባባ፣ ከብቱን ረሳሁት» አልኳቸው።

«እንግዲያው ሆራውንም ረስተኸዋል» አሉ።

አፈርኩ። ተመልሼ እንደገና ነደፍኩ። አዲሱ ንድፍ እንዲህ ነው።

1. የውሃው ዓይን አይነካም። ዓይኑን ብንቆፍረው ወይም ከባድ ነገር ብንጭንበት ውሃው መንገዱን ቀይሮ ሊጠፋብን ይችላል። ምሰሶዎቹ ከዓይኑ ራቅ ብለው ይቁሙ።

2. ግድግዳ የለውም። ጣራና ስድስት ምሰሶ ይበቃዋል። አንዳንዱ የማዕድን ውሃ አረፋ እያወጣ ይፈልቃል። በአረፋው ውስጥ ያለው ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ቤቱ ዝግ ከሆነ ጋዙ ከታች ይጠራቀማል፤ ጎንበስ ያለን ሰው ወይም ሕፃንን አፍኖ ሊገድል ይችላል። ነፋስ ሲገባ ግን ይበተናል።

3. ሰው ከላይ፣ ከብት ከታች። ውሃው መጀመሪያ ሰው በሚቀዳበት በኩል ይለፍ። ከዚያ በቦይ ወርዶ ከዳሱ ውጭ ወዳለው የከብት ገንዳ ይግባ። እበትና ሽንት ወደ ላይ አይመለስም። ከዓይኑ በላይ ሌላ ቦይ ተቆፍሮ ጎርፉን ያስቀይስ። ሽንት ቤት ከምንጩ በታች፣ ከ30 ሜትር በላይ ርቆ ይሠራ። የማዕድን ውሃ ሁሉ ለሰው አይስማማም፤ ሰው ከመጠጣቱ በፊት በባለሙያ ይመርመር።

4. ጨዋማ ውሃ ብረት ይበላል። ስለዚህ ውሃው በሚነካው ቦታ ሁሉ ድንጋይ ይሁን። ምሰሶውም በድንጋይ መሠረት ላይ ይቁም። እርጥብ አፈር ውስጥ የተተከለ እንጨት ቶሎ ይበሰብሳል።

አዲሱን ንድፍ ለሽማግሌው ወሰድኩላቸው። የከብቱን መንገድ በጣታቸው እየተከተሉ እስከ ገንዳው ደረሱ።

«አሁን ገባ» አሉኝ።

እስቲ እናንተም ተነጋገሩ። በሰፈራችሁ ምንጭ ሰውና ከብት የሚጠጡት ከአንድ ቦታ ነው ወይ? ጎርፉስ በየት በኩል ይወርዳል? ዳሱን በደብተራችሁ ላይ ንደፉና «ዓይን»፣ «ቦይ»፣ «ገንዳ» ብላችሁ በየቦታው ጻፉበት።

እስከ ሳምንት ደህና ሰንብቱ።