ከፊቱ ሁለት ሺህ ዋት፣ ከጀርባው ስድሳ

በሰበታ፣ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ አዲስ ቪላ ሊያይ የሄደ ገዢ በደላላው መሪነት ሳሎን ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው የወለሉን ሴራሚክና የጣራውን ጂፕሰም ነው። ቀጥሎ «ከነሆም ቴአትሩ ነው የሚሸጠው» የሚባል ነገር ይመጣል። አምስት ስፒከር፣ አንድ ሳብ ዉፈር፣ በመካከላቸው መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል አምፕሊፋየር። ፊቱ ላይ በትልቁ «2,000 ዋት» ተጽፏል። ገዢው ይደነቃል፤ በቤቱ ዋጋም ላይ ጥቂት ይታከላል።

በበኩሌ ገዢው ከመደነቁ በፊት ዕቃውን አዙሮ ጀርባውን ቢያነብ ይበጀዋል እላለሁ። እዚያ በተለጠፈችው ትንሽ ጽሑፍ ላይ ዕቃው ከመስመር የሚስበው ኃይል በዋት ይገለጻል። በርካሾቹ ላይ ይህ ቁጥር ስድሳ ወይም ሰማንያ ሆኖ ይገኛል። ስድሳ ዋት የሚስብ ዕቃ ሁለት ሺህ ዋት ድምፅ ያወጣል ማለት ከአንድ ቁና ጤፍ አንድ ኩንታል ዱቄት ተፈጨ እንደማለት ነው። ማመሳከሪያ የፈለገ ወደ ማድ ቤት ይግባ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ሺህ አምስት መቶ ዋት ገደማ ይስባል፤ ስለዚህ ወፍራም ገመድና የራሱ ፊውዝ አለው። ሁለት ሺህ ዋት የተባለው አምፕሊፋየር ግን የሬዲዮ ገመድ ይዞ ነው የመጣው!

ነገሩ የሚሠራው እንዲህ ነው። «ፒ ኤም ፒ ኦ» የሚባለው ቁጥር ዕቃው ለቅጽበት ይደርስበታል ተብሎ በአምራቹ የሚገመት፣ ወጥ መለኪያ የሌለው ነው። ሳያቋርጥ የሚሰጠውን ኃይል የሚያመለክተው «አር ኤም ኤስ» የሚባለው ነው። ስመ ጥር አምራቾችም ቢሆኑ «በየቻናሉ መቶ ዋት» ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱን ቻናል ብቻ አሠርተው የለኩትን ነው። ደግሞም ዋቱ እጥፍ ቢሆን ድምፁ እጥፍ አይሆንም፤ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ኃይሉ አሥር ጊዜ ያህል ማደግ አለበት። ለአንድ ሳሎን እውነተኛ ሃምሳ ዋት ይበቃል፣ ይተርፋልም።

ይህ ጉዳይ የገበያ ገጽ ላይ የሚወጣበት ምክንያት አለው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ ማለትም ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አልፏል። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ላይ ያለ የሐሰት ቁጥር ዛሬ በፊት ከሚያስከፍለው በላይ ያስከፍላል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። አስመጪዎቻችን የጀርባውን ቁጥር ወደፊት አምጥተው በአማርኛና በኦሮምኛ ቢለጥፉ ምን ይጎድልባቸዋል? ሐቀኛው ነጋዴ እንዲያውም ይጠቀማል፤ ዛሬ የእሱ ሰማንያ ዋት ከጎረቤቱ ሁለት ሺህ ዋት ጋር ተደርድሮ ነው ገበያ የሚያጣው።

ከጀርባው ሌላም የሚነበብ አለ፤ ቮልቴጁ። ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። ዘመድ ከአሜሪካ የላከልኝን አምፕሊፋየር በደስታ ሶኬት ላይ ሰካሁት። 120 ቮልት ብቻ ይል ኖሯል፤ የእኛ መስመር 220 ነው። አንድ ጭስ፣ አንድ ሽታ፣ አለቀ። ከጃፓን የሚመጣው አሮጌ ዕቃም 100 ቮልት ሊሆን ስለሚችል ያለ ትራንስፎርመር አይነካም። ቮልቴጁ ተስማምቶም ቢሆን ስታቢላይዘር ከስፒከሮቹ በፊት ይገዛ። ምጣድ ሲበራ አምፖሉ በሚደበዝዝበት ቤት አምፕሊፋየሩን ከምጣዱ መስመር ላይ አያገናኙ። መብራት ሲጠፋ ነቅለው፣ ተመልሶ እስኪረጋ ይጠብቁ።

ስለ ሙቀት አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚሠራው እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ታስቦ ነው። ሦስቱም ከተሞች ከዚያ በላይ ናቸው፤ አየሩ ስስ በመሆኑ ከዕቃው ሙቀት ቶሎ አይወስድም። የሱሉልታ ብርድ አያታልልዎ። አምፕሊፋየሩን ቡፌ ውስጥ መቆለፍና ላዩን ዳንቴል ማልበስ ይቅር።

አተካከሉን በተመለከተ ችግሩ ሳሎናችን ነው። ሶፋው ዙሪያውን ግድግዳ ይዞ ስለሚደረደር የኋላ ስፒከር የሚቆምበት ቦታ የለም። ደንቡ እንዲህ ይላል፤ የፊቶቹ ሁለቱ ከተቀማጩ ጋር ሦስት እኩል ጎን ይሥሩ፣ የመካከለኛው ከቴሌቪዥኑ ሥር ወይም በላይ ይሁን፣ የኋለኞቹ ከጎን ትንሽ ወደኋላ፣ ከጆሮ ጥቂት ከፍ ብለው ይቀመጡ። ይህ ካልተቻለ በአምስቱ ዋጋ ሁለት ደህና ስፒከር መግዛት ይሻላል። ሙዚቃ ከጥንትም አብዛኛው የሚቀዳው ለሁለት ነውና። ሴራሚክና ባዶ መስታወት ደግሞ ድምፅ ያስተጋባሉ፤ ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ ከአዲስ አምፕሊፋየር የበለጠ ለውጥ ያመጣሉ።

ለሽያጭ የምትገነቡ ባለሀብቶች፣ የሚጠበቅባችሁ ዕቃ መግዛት ሳይሆን ልስን ከመመታቱ በፊት ከቴሌቪዥኑ ግድግዳ ወደ ኋላኛው ግድግዳ ባዶ የገመድ ቱቦ መቅበር ነው። ወጪው ከጠቅላላው ግንባታ አይታይም፤ በኋላ ግድግዳ ሰብሮ ማስገባት ግን ልስኑንም ቀለሙንም ያስደግማል። ለገዢ ደግሞ፣ ደላላው «ከነሆም ቴአትሩ» ሲልዎ ዕቃውን አዙረው ያንብቡ፤ ቀጥለው ያለ ሆም ቴአትሩ ስንት እንደሆነ ይጠይቁት።