ወተት የማይስማማው ልጅ የግድ የአልሞንድ ወተት አያስፈልገውም!
«ዶክተር፣ ልጄ የወተት አለርጂ አለበት፤ የአልሞንድ ወተቱ ደግሞ አልተቻለም፣ ምን ላብላው?» የሚል ጥያቄ ይበዛብኛል። ውድ ወላጆች፣ ያለ እሱ አይሆንም ያላችሁ ማን ነው? የጾም ምግባችን እኮ ወተትም ቅቤም የለበትም! እሁድ በዘይት ቁሌት ሠርታችሁ ፍሪጅ አስቀምጡ፤ ማታ ከሥራ ስትገቡ ሽሮው በ20 ደቂቃ ይደርሳል። ምስርና ክክ ፕሮቲን፣ ጎመንና የጤፍ እንጀራ ካልሲየም አላቸው። (ጹም አላልኩትም፤ እንቁላልና ሥጋ ከተስማማው ይብላ።)

«ትንሽ ቅቤ ምን ታደርገዋለች?» ለሚሉ አያቶች ግን እጅ አትስጡ። አለርጂ ላለበት ልጅ ንጥር ቅቤም ያው ወተት ነው።

ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ደግሞ የአልሞንድም ሆነ የአጃ ወተት የጡት ወተትን አይተካም። ጡት የማይጠባ ከሆነ ሐኪም የሚያዝለት ልዩ ፎርሙላ ነው የሚያስፈልገው።