የተማሪዎች ንድፍና የወረዳ ከተማ ማዕከል፤ ጎረቤላን እንደ ማሳያ

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች አርክቴክቸርና የከተማ ፕላን የሚያጠኑ ወጣቶች ከሚያልፉባቸው የትምህርት ምዕራፎች አንዱ በቡድን ሆነው አንድን ነባር የከተማ ማዕከል አጥንተው እንደገና መንደፍ ነው። ቡድኑ ወደ ከተማዋ ይወርዳል፤ መንገዱን ይለካል፤ ገበያውን፣ መናኸሪያውንና የመንግሥት ቢሮዎችን ይመዘግባል፤ ነዋሪውን ይጠይቃል። ከዚያም ወደ ስቱዲዮው ተመልሶ ንድፉን ያዘጋጃል፣ ሞዴል ይሠራል፣ በመምህራን ፊት ያቀርባል፣ ነጥብ ይቀበላል። ለተማሪው ሥራው የሚጠናቀቀው በዚህ ነው። ለከተማዋ ግን ገና አልተጀመረም። ይህ ትንታኔ የሚያተኩረው በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት ላይ ሲሆን፣ ለማሳያነትም በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን የአንኮበር ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን ጎረቤላን ይወስዳል።

ጎረቤላ የተመረጠችው ያለምክንያት አይደለም። ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ደጋው ወደ አፋር ቆላ በሚያዘቀዝቅበት የተራራ ጠርዝ ላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ የምትገኘው ይህች ከተማ በአንድ ወገን እንደማንኛውም የወረዳ ከተማ ጽሕፈት ቤቶች፣ ሱቆችና ገበያ ያሏት፣ በመንገድ ዳር የተዘረጋች ከተማ ናት። በሌላ ወገን ግን አጠገቧ የሸዋ ነገሥታት መዲና የነበረችው ጥንታዊቷ አንኮበር አለች። እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847 ሸዋን የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የእንግሊዝን መንግሥት ተወካይ ካፒቴን ሃሪስን ተቀብለው እ.ኤ.አ. በ1841 የወዳጅነትና የንግድ ውል የተዋዋሉት አንኮበር መዲናቸው በነበረችበት ጊዜ ነው። ከመቅደላ አምልጠው እ.ኤ.አ. በ1865 የሸዋን ዙፋን የያዙት ዳግማዊ ምኒልክም መቀመጫቸውን ወደ እንጦጦ፣ ቀጥሎም በ1879 ዓ.ም. ወደ ተቆረቆረችው አዲስ አበባ ከማዛወራቸው በፊት ከዚሁ ተራራ ላይ ነግሠዋል።

ቤተ መንግሥቱ ሲሄድ ከተማዋም አብራ ሄደች ማለት ይቻላል። ከአንኮበር በታች በምትገኘው በአልዩ አምባ ገበያ በኩል ወደ ሐረርና ወደ ታጁራ ይመላለስ የነበረው የሲራራ ንግድም መሥመሩን ለወጠ። ዛሬ በቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ የሚታየው የግንብ ፍርስራሽና ኋላ የተሠራው ሎጅ ነው። የአስተዳደሩ ሥራ የሚካሄደው ጎረቤላ ላይ ነው። ስለዚህ የጎረቤላን ማዕከል ለመንደፍ የሚመጣ ቡድን በመጀመሪያ የሚገጥመው ጥያቄ የትኛውን ማዕከል ነው የሚለው ይሆናል፤ ባለ ጉዳይ በየዕለቱ የሚመላለስበትን ወይስ ጎብኚ ሊያይ የሚመጣውን?

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት መልሱ የመጀመሪያው መሆን አለበት የሚል ነው። ከገጠር ቀበሌ ጉዳይ ይዞ በእግሩ ለሚመጣ አርሶ አደር ከዝናብ የሚጠለልበት ቦታ፣ የመጸዳጃ ቤትና ቢሮዎቹ ተቀራርበው መገኘታቸው የከተማ ማዕከል ትርጉም ነው። ብዙ የተማሪ ንድፎች ግን ከአደባባይና ከሐውልት ይጀምራሉ። በታሪካዊ አካባቢ ደግሞ ሌላ ፈተና ይጨመራል፤ የጥንቱን ቤተ መንግሥት ቅርጽ በሲሚንቶ አስመስሎ በከተማው መግቢያ የማቆም ፍላጎት። ዋናው ቅርስ ኮረብታው ላይ እያለ ከሥሩ ቅጂውን መገንባት ለቅርሱም ለከተማዋም የሚጨምረው ነገር የለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 በቅርስ ላይ የሚደረግ የጥገናና የለውጥ ሥራ ሥልጣን ያለውን መሥሪያ ቤት ፈቃድ እንዲጠይቅ ማድረጉም በንድፉ መጀመሪያ ላይ እንጂ መጨረሻ ላይ የሚታሰብ ጉዳይ አይደለም።

ከታሪኩ ይልቅ ግን ክብደት የሚሰጠው መሬቱ ነው። አንኮበር የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ያለች አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ1842 መገባደጃ ከከባድ ዝናብ ጋር ተያይዞ በደረሰ የመሬት መንሸራተት የአንኮበር ቤቶች መፍረሳቸውንና የሰው ሕይወት መጥፋቱን በጊዜው የነበሩ የውጭ አገር ሰዎች ጽፈዋል፤ ክስተቱም በአገሪቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ጥናት ውስጥ ስፍራ አግኝቷል። ይህ የሩቅ ዘመን ወሬ ሆኖ አልቀረም። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ በአፋር ክልል በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ አካባቢ በተደጋጋሚ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ የተሰማ ሲሆን፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎችም ከመኖሪያቸው እንዲነሱ ተደርጓል። ከአንኮበር ተዳፋት ወደ ምሥራቅ የሚመለከት ሰው ፊቱን የሚያዞረው ወደዚያው ቆላ ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ጎፋ ዞን በደረሰው የመሬት መንሸራተት ደግሞ ከ200 በላይ ወገኖች ሕይወታቸውን አጥተዋል። የጎፋው ቦታ ከአንኮበር በእጅጉ የራቀ ቢሆንም ቁልቁለት፣ ከባድ ዝናብና በተዳፋት ላይ የሰፈረ ሕዝብ የሚሉት ሦስት ነገሮች በሁለቱም ይገኛሉ።

በመሆኑም በተራራ ጀርባ ላይ ለተቀመጠች ከተማ የማዕከል ንድፍ ማለት በአብዛኛው የውሃ ንድፍ ማለት ነው። ከቆርቆሮ ጣሪያውና ከመንገዱ የሚሰበሰበው ጎርፍ በየትኛው ቦይ እንደሚወርድ፣ ቦዩ የሚያበቃው በማን ማሳ ወይም በየትኛው ቤት ጓሮ እንደሆነ፣ የድጋፍ ግንብ የሚያስፈልገው የት እንደሆነ ሳይታወቅ የሚነጠፍ ድንጋይ ውሃውን ከማፍጠን በቀር የሚያመጣው ለውጥ የለም። ከላይ ያለው አደባባይ ባማረ ቁጥር ከታች ያለው ሰፈር የሚጎዳበት ሁኔታ ይፈጠራል። እ.ኤ.አ. በ1995 እና በ2015 የወጡት የኢትዮጵያ የሕንፃ ደረጃዎች ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ራሱን የቻለ ክፍል ያላቸው ቢሆንም፣ በወረዳ ከተሞች የሚበዛው ከእንጨትና ከጭቃ የሚሠራ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ከመሐንዲስ ስሌት ውጭ የሚቆም ነው። ተማሪዎች ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ከመንደፍ ይልቅ ይህን ቤት በርካሽ የሚያጠናክር ዘዴ ቢያሳዩ ጥቅሙ የላቀ ይሆናል።

የሕግ ማዕቀፉን በተመለከተ አጭር ማብራሪያ ያስፈልጋል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 የከተማ ፕላኖችን መዋቅራዊ ፕላንና የአካባቢ ልማት ፕላን ብሎ በሁለት ከፍሏል። የመጀመሪያው መላውን የከተማ ክልል የሚመለከትና ለ10 ዓመት የሚያገለግል ሲሆን፣ ሁለተኛው እንደ ከተማ ማዕከል ያለውን የተወሰነ ስፍራ በዝርዝር የሚያሳይ ነው። ፕላኑን ከተማው ራሱ፣ ፈቃድ ባለው አማካሪ ወይም በሕግ ሥልጣን በተሰጠው የመንግሥት ተቋም አማካይነት ያዘጋጃል፤ ከመጽደቁ በፊትም ለሕዝብ ውይይት ይቀርባል። ከዚህ አንፃር የተማሪዎች ሥራ ፕላን አይደለም። በሥራው ላይ ተመርኩዞ ቦታ መስጠትም ሆነ ቤት ማፍረስ አይቻልም። በተማሪ ወረቀት ላይ ያለ ቀይ መሥመር የአንድን ነዋሪ ግቢ ለሁለት ሲከፍል ለተማሪው ልምምድ ነው። ያው መሥመር ወደ ጸደቀ ፕላን ሲገባ ግን በ2011 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቁጥር 1161 መሠረት ካሣ የሚከፈልበት ጉዳይ ይሆናል። ካሣውን የሚከፍለው አካል ገንዘቡን ከየት ያመጣል የሚለው ደግሞ በወረዳ ደረጃ ቀላል ጥያቄ አይደለም።

ታዲያ ፕላን ካልሆነ ምን ይጠቅማል? ጥቅሙ ንድፉ ላይ ሳይሆን ከንድፉ በፊት ባለው ጥናት ላይ ነው። አስርና አስራ አምስት ወጣቶች ለአንድና ለሁለት ሳምንት አንዲት ትንሽ ከተማን ሲለኩ፣ እያንዳንዱን ቤት በአገልግሎቱ ሲመዘግቡ፣ በገበያ ቀን የሰዉንና የከብቱን እንቅስቃሴ ሲቆጥሩ የሚሰበስቡት መረጃ አንድ የማዘጋጃ ቤት ቀያሽ ከሌላው ሥራው ጋር በዓመትም የማያጠናቅቀው ነው። ሆኖም በአብዛኛው ከተማው ውስጥ የሚቀረው ሞዴሉና ባለ ቀለም ሥዕሉ ነው። ጥናቱ ከቡድኑ ጋር ይሄዳል። ይህ ጸሐፊ ስሟን በማይጠቅሳት አንዲት ከተማ ማዘጋጃ ቤት በአንድ ወቅት ከካርቶን የተሠራ የከተማ ማዕከል ሞዴል በኮሪደር ላይ ተቀምጦ ተመልክቷል። የአደባባዩ ዛፎች ረግፈዋል፤ በላዩም የመዝገብ ክምር ነበረበት። ስለ ሥራው የተጠየቁት ሠራተኛ ማን እንዳመጣውም አያስታውሱም ነበር።

ሌላው ብዙም የማይነሣ እንቅፋት ቋንቋ ነው። የከፍተኛ ትምህርት በእንግሊዝኛ የሚሰጥ በመሆኑ የተማሪዎቹ ሪፖርትም በእንግሊዝኛ ይጻፋል። ጉዳዩን የሚወስነው የከተማው ምክር ቤት ግን በአማርኛ የሚሠራ ነው። ነዋሪው አንድ ሰዓት ሙሉ የመለሰውን ጥያቄ ውጤት በሚያነበው ቋንቋ መልሶ ካላገኘው፣ በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣውን ቡድን ለማናገር ፈቃደኛ አለመሆኑ አያስገርምም። ከቋንቋው ጋር የሚሄድ ቴክኒካዊ ችግርም አለ። ልኬቱ ከአገራዊው የኮኦርዲኔት ሥርዓት ጋር ካልተያያዘ የማዘጋጃ ቤቱ ባለሙያ ከይዞታ ካርታው ጋር ሊያስተያየው አይችልም፤ ከግድግዳ ሥዕል ያለፈ ዋጋም አይኖረውም።

ተማሪን ከማኅበረሰብ ሥራ ጋር ማገናኘት ለአገራችን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም ትምህርትን ከግንባታ ልምምድና ከአገር በቀል ቁሳቁስ ምርምር ጋር አያይዞ የጀመረ ነበር። የዚሁ ተቋም ወራሽ የሆነው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በልደታ የሚገኘው የኢትዮጵያ አርክቴክቸር፣ ሕንፃ ኮንስትራክሽንና ከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ነው። በዚሁ በአማራ ክልል በጣና ሐይቅ አካባቢ ቡራነስት በሚል ስም የተሞከረው አዲስ የገጠር ከተማ ሥራም ተጠቃሽ ነው። የዙሪክ የቴክኖሎጂ ተቋም ፕሮፌሰር የነበሩት ፍራንዝ ኦስዋልድና የኢትዮጵያ አጋሮቻቸው ያቀረቡት ሐሳብ አርሶ አደሮች ቤታቸውን በጋራ ጣሪያ ሥር ሠርተው የዝናቡን ውሃ በአንድነት እንዲያጠራቅሙ የሚያደርግ ነው። ቡራነስት ከባዶ መሬት የሚነሣ ሲሆን፣ የጎረቤላ ዓይነት ከተማ ግን ይዞታ፣ አጥርና ወራሽ ያለው ነው። የጣሪያ ውሃን እንደ ሀብት የመቁጠሩ ሐሳብ ግን ተራራ ላይም የሚሠራ ነው።

ከውጭው ዓለም ልምድ በአሜሪካ አላባማ ግዛት የኦበርን ዩኒቨርሲቲ ሩራል ስቱዲዮ ከሁሉ ይቀርበናል። ሳሙኤል ሞክቢና ዲ.ኬ. ሩት እ.ኤ.አ. በ1993 የመሠረቱት ይህ የትምህርት ፕሮግራም ተማሪዎችን በድሃ የገጠር ወረዳ እያኖረ ያስተምራል። ኒውበርን በተባለችው እጅግ ትንሽ ከተማ የእሳት አደጋ ጣቢያ፣ የከተማ አዳራሽና ቤተ መጻሕፍት የተሠሩት በተማሪዎች ነው። ሦስቱ ሕንፃዎች በአንድ ጊዜ የተነደፉ የማዕከል ፕሮጀክት አልነበሩም፤ ስቱዲዮው ከሦስት አሥርት ዓመታት በላይ ከአካባቢው ባለመነሣቱ ተራ በተራ የመጡ ናቸው። የእኛ ቡድኖች በየዓመቱ ከተማ ይቀያይራሉ። አንድ የትምህርት ክፍል ከአንድ ወረዳ ጋር ለአምስት ዓመት ቢስማማና እያንዳንዱ ዓመት ካለፈው ጥናት ቢጀምር የተሻለ ውጤት እንደሚገኝ መገመት አያዳግትም።

ጉዳዩ አሁን የሚነሣበት ምክንያትም አለ። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ወደ ክልል ከተሞች ተዘርግቷል፤ የትናንሽ ከተሞች አመራሮችም ተመሳሳይ ገጽታ ለማየት ይመኛሉ። የእግረኛ መንገድ፣ መብራትና አረንጓዴ ስፍራ ለጎረቤላም ቢሆን የሚገባ ነው። ነገር ግን ለሜዳማ ከተማ የተለካ የመንገድ ስፋት በተራራ ጀርባ ላይ ሲዘረጋ ከሁለት አንዱን ይጠይቃል፤ ወይ ተዳፋቱን መቁረጥ ወይ ከመንገዱ ዳር ያለውን ቤት ማፍረስ። ከሱቁ ጀርባ ገደል በሆነበት ስፍራ ባለ ሱቁ ወደ ኋላ ፈቀቅ የሚልበት ቦታ አይኖረውም። ሥራው ከመጀመሩ በፊት እንዲህ ያለውን ልዩነት በመሥመርና በቁጥር አሳይቶ ለአመራሩ ማቅረብ የተማሪ ቡድን በነፃ ሊሰጠው የሚችለው አገልግሎት ነው።

ለዚህም ማዘጋጃ ቤቱ ቡድኑን በደብዳቤ ከመቀበልና ከመሸኘት አልፎ ጥያቄውን ራሱ ጽፎ መጠበቅ ይኖርበታል። የባሕር ዳሩ የክልሉ የከተማ ፕላን ተቋም ያለውን ካርታ አስቀድሞ ማግኘት፣ ልኬቱ በዲጂታል ቅጂ እንዲገባ መስማማት፣ የአማርኛ ማጠቃለያ ሳይቀርብ የማረጋገጫ ደብዳቤ አለመስጠት ወጪ የማይጠይቁ እርምጃዎች ናቸው።

አንድ ነገር ግን ከማንም ፈቃድ ውጭ ነው። የትምህርት ዘመኑ ከመስከረም እስከ ሰኔ በመሆኑ ቡድኖቹ ወደ መስክ የሚወጡት በአብዛኛው በበጋ፣ ቦዩ ደርቆ አቧራ በሚነሣበት ወር ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ውሃው የት እንደተጠራቀመ፣ የትኛው አጥር እንደተናደ፣ ጭቃው መናኸሪያውን ስንት ቀን እንደዘጋ የሚያየው የከተማው ሠራተኛ ብቻ ነው። ሠራተኛው በክረምቱ የጎርፉን ምልክት በየግድግዳው በቀለም አስምሮ፣ ቀኑንም ጽፎበት ቢቆይ፣ በጥር የሚመጡት ተማሪዎች መለካት የሚጀምሩት ከዚያ መሥመር ይሆናል።