ካቢኔው በዱቡሻ ፊት ይቁም!



ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. በሰጠነው ሕዝበ ውሳኔ፣ በዚያው ዓመት ነሐሴ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ። ምክር ቤቱ አርባ ምንጭ፣ ካቢኔው ወላይታ ሶዶ ተቀመጡ። መቀመጫ ለከተሞች ተከፋፈለ፤ ተጠያቂነት ግን ለማን ደረሰ? በ2016 ዓ.ም. በክልሉ አንዳንድ አካባቢዎች የመምህራን ደመወዝ ሲዘገይ፣ ሕዝብ ፊት ቆሞ ምክንያቱን ያስረዳ ሹም የት ነበር?

የኦቾሎ ሰዎች በገደል አናት ባለው መንደራቸው የጋራ ጉዳያቸውን በዱቡሻ፣ በአደባባይ ተከራክረው ሲወስኑ ኖረዋል። ቀድሞ ሴቶች፣ ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ ፋቂዎች ከሸንጎው መገለላቸው ስህተት ነበር፤ እኛ የምንዘረጋው ሸንጎ ሁሉንም ያቅፋል።

ብንመረጥ የካቢኔ አባላት በየሦስት ወሩ፣ ከተሞቹን በተራ እየዞሩ፣ በጀታቸውን በአደባባይ ያስረዳሉ፤ ይጠየቃሉም። ሕዝብን የሚሸሽ ሹም ሥልጣን አይገባውም።

ድምፃችሁን ለተጠያቂ መንግሥት ስጡ!