ከጨለማው ክፍል በፊት ፀሐይ

የማኅበራችን የፎቶግራፍ ክበብ ጨለማ ክፍል ይሠራልን ብሎ መጠየቁ የታወቀ ነው። ጥያቄውን አንቃወምም። ነገር ግን ወረቀቱና መድኃኒቱ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው፤ የተጠቀሙበት ውሃ ወዴት እንደሚፈስም እስካሁን የነገረን የለም። ስለዚህ እጃችንን ለድጋፍ ከማውጣታችን በፊት አንድ አሳብ ማቅረብ እንወዳለን።

ባለፈው ጥቅምት ስምንት ሆነን ወደ አቃቂ ቃሊቲ ወርደን ነበር። በወንዙ ዳር ከሚለማው አትክልት ቀይ ሥርና ቆስጣ፣ ከገበያ ደግሞ እርድ ገዛን። ሥሩንና ቅጠሉን ወቅጠን ጭማቂውን በሻሽ አጠለልን፤ እርዱን ግን በአልኮል ዘፈዘፍነው፤ ቀለሙ በውሃ ደኅና አድርጎ አይወጣምና። ወረቀቱን በጥላ ቀብተን ካደረቅን በኋላ፣ ቅጠል ወይም በላስቲክ ላይ የታተመ ፎቶግራፍ ደርበን፣ መስተዋት ጭነንበት ፀሐይ ላይ አሰጣነው። ፀሐይ ያገኘው ቀለም ይነጣል፤ የተከለለው ይቀራል፤ ሥዕሉ ይኸው ነው። እርዱ በግማሽ ቀን ሲወጣልን ቀይ ሥሩ ቀናት ፈጀብን።

ዘዴው የእኛ ፈጠራ አይደለም። አንቶታይፕ ይባላል። እንግሊዛዊው ሊቅ ጆን ኸርሸል ብርሃን በአበባ ጭማቂ ላይ የሚሠራውን መርምሮ በ1842 እ.ኤ.አ. አሳትሟል፤ ሜሪ ሶመርቪልም በ1845 ከሮም የጻፈችለት ደብዳቤ ስለዚሁ ነገር ነበር። ቀለምን ከተክል ማውጣት ግን ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም፤ እናቶቻችን እጅና እግራቸውን በእንሶስላ ሥር ሲያቀሉ ኖረዋል። እንግዳው ፎቶግራፉ ነው። በቤተ መንግሥትም አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የዐፄ ምኒልክ ፎቶግራፍ አንሺ ነበሩ።

«ይህ የሕፃናት ጨዋታ ነው፤ ደግሞም አይቆይም» የሚሉ ጓደኞች አሉ። አለመቆየቱ እውነት ነው፤ ብርሃን ላይ ከተሰቀለ ይጠፋል። ፎቶግራፋቸውን በራሳቸው ቀይ ሥር ያተምንላቸው አንዲት አትክልተኛ እናት «ልጆቼ፣ ይህ ይከርማል?» ብለው ሲጠይቁን ለመመለስ አፍረን ነበር። እውነቱን ነገርናቸው። «እንግዲያስ ከሣጥን አኖረዋለሁ» ብለው በነጠላቸው ጠቅልለው ወሰዱት። ለመታወቂያና ለጋዜጣ የሚሆን ፎቶግራፍ በዚህ መንገድ እንደማይሠራም እናምናለን።

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ትንሹና ትልቁ አቃቂ የከተማውን እድፍና የፋብሪካዎችን ፍሳሽ ተሸክመው ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳሉ። በመንገዳቸው አትክልት ይጠጣቸዋል፤ አትክልቱንም እኛ እንበላዋለን። እኚያ እናት ግን ለመደባቸው ሌላ ውሃ የላቸውም። በወንዙ ውሃና በዳሩ አፈር ውስጥ ከባድ ብረቶች መገኘታቸውን ተመራማሪዎች ደጋግመው ጽፈዋል። የጨለማ ክፍል ማጽኛ መድኃኒትም ከወረቀቱ ያጠበውን ብር ይዞ ይወጣል፤ ብር ደግሞ በውሃ ውስጥ ለሚኖሩ ፍጥረታት መርዝ ነው። የአንድ ክበብ ባልዲ ከፋብሪካ ፍሳሽ ጋር እንደማይወዳደር እናውቃለን። ይሁን እንጂ ባለፋብሪካውን «ፍሳሽህን ወዴት ትደፋለህ?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ አስቀድሞ የራሱን ባልዲ ማወቅ ይገባዋል።

ስለዚህ ጉባኤው ሦስት ነገር እንዲወስን እንጠይቃለን። አንደኛ፣ አዲስ የክበብ አባል ሁሉ ትምህርቱን በአትክልት ቀለምና በፀሐይ ይጀምር፤ ወጪው የጥቂት ብር አትክልትና አንድ መስተዋት ነው። ሁለተኛ፣ ጨለማ ክፍሉ ከመሠራቱ በፊት ማጽኛው ተጠራቅሞ ብሩ የሚለይበት መንገድ ይታሰብ፤ ወደ ቦይ አይደፋ። ሦስተኛ፣ የሳይንስ ፋኩልቲ ጓደኞቻችን ከእኛ ጋር አቃቂ ወርደው ውሃውን ይመርምሩ፤ ውጤቱም በዚሁ መጽሔት ይውጣ፤ ለአትክልተኞቹም በሚገባቸው ቋንቋ ይነበብላቸው።

ሥዕላችን ሣጥን ውስጥ ካልተቀመጠ በአንድ በጋ ይጠፋል። ወንዙ ግን ያፈሰስንበትን ይዞ ይቆያል። ድምፅ ስንሰጥ ይህን እናስብ።